ዊንዘር ኮረብታ ላይ፦ ሁለት ጊዜ የገባንበት ግንብ

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው በመሆኔ፣ ግንብ ለማየት ስል ባሕር ልሻገር መሆኑን የሰማ ዘመድ ሁሉ ሲስቅብኝ ነው የሰነበተው። እናቴ «የፋሲል ግንብ ደጃችን ላይ ተገትሮ አንተ የሰው አገር ግንብ ልታይ ነው?» ብላ ካሾፈችብኝ በኋላ፣ ሻንጣዬን ስዘጋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከሄድህ አይቀር የቴዎድሮስን ልጅ አይተኸው ና» አለችኝ። የእንግሊዝ ነገሥታት ግንብ ወዳለበት ወደ ዊንዘር የምሄደው የአክስቴ ልጅ ከነቤተሰቡ በቅርብ ስለሚኖርና ሎንዶን መሐል ሆቴል ለመያዝ አቅሙ ስለሌለኝ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ብናገርም፣ ዋናው ጉዳዬ ይኸው የእናቴ አደራ፣ እዚያ የተቀበረውን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ዓለማየሁን መፈለግ ነበር።

ቅዳሜ፦ ስላው

ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ስላው ከተማ በመኪና ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የአክስቴ ልጅ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ከልጅነታችን ጀምሮ የምጠራው «ጋሼ» እያልሁ ነው፤ ማለዳ ከሌሊት ፈረቃ ሥራው እንደወጣ እንቅልፉን ሳይተኛ ሊቀበለኝ መጥቶ ነበር። ቤታቸው እንደ ሰፈሩ ሌሎች ቤቶች ሁሉ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ በሸክላ ጡብ የተሠራ፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሲሆን፣ ከኋላው የአንድ አልጋ ስፋት ያላት የጓሮ አትክልት ቦታ አለችው። ባለቤቱ እዚያች ቦታ ላይ ጎመንና ጤና አዳም ተክላለች። ጤና አዳሟን ቆርጣ ቡናው ላይ ጣል ስታደርግልኝ ገና ከአገር ያልወጣሁ መሰለኝ።

ከእናቴ የተላከው ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ከሻንጣው ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ለምሳ ዶሮ ወጥ ቀረበ፤ እንጀራው ከሎንዶን ሐበሻ ሱቅ የተገዛ ነው። አምስት እንጀራ የያዘው ፌስታል በብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ጠይቄ መልሱን ከሰማሁ በኋላ፣ የቀረውን ቁራሽ ሳልጨርስ መነሣት ኃጢአት ሆኖ ታየኝ። የስምንት ዓመቷ ልጃቸው እንግሊዝኛ ጣል እያደረገች በምትናገረው አማርኛ ስለ ዊንዘር ገለጻ ጀመረችልኝ፤ የገለጻዋም ፍሬ ነገር ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ስድስት ሚስቶች አግብቶ የሁለቱን አንገት ማስቆረጡ ነበር። በጣቶቿ እየቆጠረች የተፋታችውን፣ የተሰየፈችውን፣ የሞተችውን በቅደም ተከተል ስትዘረዝር አባቷ «እዚህ አገር ታሪክ የሚያስተምሩት እንዲህ ነው» አለኝ። የእሑዱ ትኬት በኢንተርኔት ተገዝቶ ስለነበር የቀረን ነገር እንደሌለ ተማምነን በጊዜ ተኛን።

እሑድ፦ ባቡሩና ኮረብታው

ከስላው ዊንዘር የሚወስደው ባቡር አጭር መስመር ላይ ብቻ የሚመላለስ ሲሆን ጉዞው ስድስት ደቂቃ ነው። እኛ ግን አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ጋሼ በከተማዋ ለአሥራ ሁለት ዓመት ቢኖርም ሁልጊዜ በመኪና ስለሚጓዝ፣ በሙሉ ልብ ወደ ተሳሳተው መድረክ መርቶን ወደ ምዕራብ በሚሄድ ባቡር ላይ አሳፈረን፤ ስሕተቱን ያወቅነው ልጅቷ በርናም የሚለውን የጣቢያ ስም አንብባ «አባ፣ ይኼ እኮ ሌላ ነው» ስትል ነው። ወርደን፣ ድልድይ ተሻግረን፣ መልሶ የሚወስደን ባቡር እስኪመጣ ድረስ ሚስቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን ከቁጣ የባሰ ነበር።

ትክክለኛው ባቡር ስላውን ለቆ ጠፍጣፋውን የቴምዝ ሜዳ ሲይዝ ግንቡ በመስኮት በኩል ብቅ አለ። በዚያ ሁሉ ለጥ ያለ መስክ መካከል ያለው ከፍታ ያ ብቻ በመሆኑ፣ ቦታውን የመረጠው ሰው ለምን እንደመረጠው ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ኖርማንዳዊው ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1070 ገደማ ጀምሮ፣ ሎንዶንን የሚከብቡ ምሽጎችን አንዱ ከሌላው የአንድ ቀን የእግር መንገድ ያህል እያራራቀ ሲያሠራ፣ ዊንዘር ከወንዙ በላይ ሠላሳ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቆመው የኖራ ድንጋይ ገደል ላይ የተተከለው ምሽግ ነው። ያን ጊዜ አፈር ተቆልሎ፣ በአናቱ ላይ የእንጨት ምሽግ ቆሞ፣ ዙሪያው በእንጨት አጥር ታጥሮ ነበር። ነገሥታቱ ሊኖሩበት የገቡት በኋላ፣ በልጁ በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን ነው፤ በድንጋይ የተሠራው ደግሞ በዳግማዊ ሄንሪ ጊዜ ነው። እኛ አምባ የምንለውን ነገር እነሱም አውቀውበታል፤ ልዩነቱ የእኛን አምባ እግዚአብሔር የሠራው ሲሆን የእነሱ ግማሹ በአካፋ የተቆለለ መሆኑ ነው። ባቡሩ የቴምዝን ድልድይ ሲሻገር ከታች ዝይ የሚያካክሉ ነጫጭ የውኃ ወፎች ተሰልፈው ይዋኙ ነበር።

ጣቢያው ከግንቡ ፊት ለፊት ስለሆነ ከባቡር የወረደ ሰው መንገድ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከበሩ በታች በአደባባዩ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ሐውልት ቆሟል። እሑድ ስለነበር ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ለፍተሻ በቆምንበት ወረፋ ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ ቀበቶ ይወልቃል፣ ቦርሳ በማሽን ያልፋል። የእኔን ቦርሳ ያየው ፈታሽ መልሶ ካሳለፈው በኋላ በውስጡ ያለውን ፌስታል እንዳወጣ ጠየቀኝ፤ ከእናቴ የተላከው ገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር ተቀላቅሎ ስለነበር በማሽኑ ምን መስሎ እንደታየው እግዚአብሔር ይወቅ። ልጅቷ ቀድማኝ «መክሰሱ ነው» ብላ በእንግሊዝኛ አስረዳችው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ለቀቀን።

ትኬቱ ቀድሞ በኢንተርኔት ሲገዛ ለአንድ አዋቂ 30 ፓውንድ አካባቢ ነበር፤ በወቅቱ ምንዛሪ ከ5 ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። የልጅ ዋጋ ግማሽ ነው። ስገባ የተሰጠኝ የድምፅ መሣሪያ በብዙ ቋንቋ ይናገራል፤ አማርኛ ግን የለበትም። ጆሮዬ ላይ አድርጌው የመጀመሪያውን ገለጻ መስማት ስጀምር አንድ አውሮፕላን ከራሳችን በላይ አለፈ። ከዚያም ሌላ። የሂትሮው መነሻና መውረጃ መንገድ በግንቡ ላይ የሚያልፍ በመሆኑ፣ የቀደመው አውሮፕላን ድምፅ ሳይጠፋ ተከታዩ ይደርሳል፤ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ነገሥታት የተቀመጡበትን ቤት ታሪክ በእንዲህ ያለ ጩኸት መካከል መስማት የሚያስደንቅ ነገር ነው።

መካከል ላይ ያለው ክብ ግንብ ከነአፈር ቁልሉ ከሁሉም በላይ ይታያል። ባንዲራው የአገሪቱ የተለመደው ባንዲራ ነበር፤ ንጉሡ እቤት ሲሆኑ የሚሰቀለው የራሳቸው ዓርማ ስለሆነ፣ በዕለቱ እንዳልነበሩ በዚህ አወቅን። በዚህ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በአምስት ሄክታር ገደማ ላይ፣ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ክፍሎች እንዳሉ ይነገራል፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ከሚኖርባቸው የዓለም ግንቦች ሁሉ በትልቅነትም በዕድሜም አንደኛው እንደሆነም ይጠቀሳል። እውነቱን ለመናገር እኔን ያስገረመኝ ትልቅነቱ ሳይሆን ሰው የሚኖርበት መሆኑ ነው። በኮረብታው ጥግ ባለ አንድ መስኮት ላይ መጋረጃው ተሰብስቦ የአበባ ማስቀመጫ ቆሞ አየሁ። በፋሲል ግቢ ያደግሁት እኔ የማውቀው መስኮት ርግብ የሚገባበትን ነውና ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት።

የመንግሥት አዳራሾቹን ለማየት ሁለት ሰዓት ፈጀን። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ የተለበጠ ወርቅ፣ ሥዕልና የጦር መሣሪያ ከመጠን በላይ ሲሆን ዓይን ይደክማል። የቆምሁበትና ብዙ ያሰብሁበት ቦታ የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ የሚባለው ረጅም የግብር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1992 እሳት ተነሥቶ ከአንድ መቶ በላይ ክፍሎችን ሲያወድም የዚህም አዳራሽ ጣሪያ ተቃጥሎ ወርዶ ነበር። የእሳቱ መነሻ ከአንድ የጸሎት ክፍል መጋረጃ ጋር የተጠጋ የመብራት አምፖል ነበር፤ እሳቱን ለማጥፋት አሥራ አምስት ሰዓት ፈጅቷል። ዛሬ ከላይ የሚታየው ጣሪያ ገና ባልደረቀና ከዋንዛ በሚከብድ የኦክ እንጨት እንደ ጥንቱ ዘዴ የተጋጠመ ነው። ሥራው በ36.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ እሳቱ በተነሣበት ቀን ተጠናቀቀ፤ ከገንዘቡም ብዙው የተገኘው ሎንዶን ያለውን የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ለጎብኚ ከፍተው ከትኬት ሽያጭ ነው።

እዚያ ቆሜ የማስበው የዐፄ ኢያሱን ግንብ ነበር። እሱም በአንድ ወቅት በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር ይነገርለታል፤ በ1704 እ.ኤ.አ. የምድር መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ ጣሊያኖች በመሸጉበት ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ የቀረውን ጨረሰው። እስከ አሁን ጣሪያ የለውም። ልጅ ሳለሁ ውስጡ ገብተን ቀና ስንል ሰማይ ይታየን ስለነበር፣ የነገሥታት አዳራሽ ሁሉ ሲሠራ ጀምሮ ጣሪያ የሌለው ነገር ይመስለኝ ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግረው «እነሱ ትኬቱን ለጣሪያ ያውሉታል» አለኝና ነገሩን አሳጠረው።

ልጅቷ ከሁሉም የወደደችው የንግሥት ሜሪን የአሻንጉሊት ቤት ነው። ከእውነተኛው ቤት አንድ አሥራ ሁለተኛ ተደርጎ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1924 የተሠራ ሲሆን፣ መብራቱ ይበራል፣ በቧንቧው ውኃ ይወርዳል፣ በመጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ያሉት አውራ ጣት የሚያካክሉ መጻሕፍትም ሊነበቡ የሚችሉ ናቸው። ለእሱ ብቻ ሌላ ወረፋ ነበረው። ተሰልፈን ሳለን ሚስቱ በሹክሹክታ «ለአሻንጉሊት ቤት ውኃ አስገቡለት፤ የእኛ ቤት ቧንቧ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ይንጠባጠባል» ስትል ጋሼ ያልሰማ መሰለ።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድን። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ በትሕትና ቢሆንም አንገቱን ነቀነቀ፦ እሑድ ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ ክፍት አይደለም። ማስታወቂያው ትኬቱ ከተገዛበት ገጽ ላይ ተጽፎ እንደነበር በኋላ አየን፤ ማናችንም አላነበብነውም ነበር። የመጣሁበት ነገር በዚያ በተዘጋ በር ውስጥ ስለነበር ልቤ ወደቀ፤ ፊቴን ያየው ጠባቂ ግን የሠርክ ጸሎት ከቀኑ 5:15፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ እንደሚጀመርና ለመጸለይ የሚመጣን ሰው ማንም እንደማይከለክል ነገረን። ደግሞም ትኬቱ ከመውጣታችን በፊት ማኅተም ከተመታበት ለአንድ ዓመት ያህል መልሶ እንደሚያስገባ ጨመረልን። የጋሼ ሚስት ይህን ሰምታ ማኅተም ወደሚመታበት መስኮት የሄደችበት ፍጥነት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ምሳ የበላነው ከወንዙ ዳር ሣር ላይ ነው። ምሳ ዕቃው ውስጥ የእንጀራ ፍርፍር፣ በፔርሙዝ ሻይ፣ ከዚያም ያ የተፈተሸው ቆሎ ነበረ። ቀደም ብለን በግንቡ ውስጥ ካለው ሻይ ቤት ሁለት ቡና ገዝተን ነበር፤ አንዱ ወደ አራት ፓውንድ ነው። ቤቱ ግን ዋጋውን ያስረሳል፤ በ14ኛው መቶ ዘመን ለንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ የተሠራ፣ የወይን ጠጅና የቢራ በርሜል ይቀመጥበት የነበረ ባለ ቅስት ምድር ቤት ነው። ጠላና ጠጅ የሚጠመቅበት የግቢያችን ቤት ትዝ አለኝ።

እሑድ ማምሻውን፦ የሠርክ ጸሎት

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሄንሪ ስምንተኛ በር ወደሚባለው ዋና በር ሄደን «ለጸሎት ነው» ስንል አስገቡን። የቤተ ክርስቲያኑ ደፍ ላይ ስደርስ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሠሪያ መፍታት ጀመርሁ። ጋሼ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «እዚህ አይወልቅም» አለኝ። ሥራዬን ሁሉ አይታ የነበረችው ልጅ ሳቀች፤ እኔ ግን በጫማ ስገባ እስከ ውስጥ ድረስ እግሬን ቀለል አድርጌ ነው የረገጥሁት።

ይህ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1475 ተጀምሮ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን በ1528 የተፈጸመ ነው። ያስቀመጡን መዘምራኑ በሚቆሙበት በውስጠኛው ክፍል ሲሆን፣ በግራና በቀኝ ካሉት በጥቁር እንጨት ከተቀረጹ መቀመጫዎች በላይ ጋርተር የሚባለው የእንግሊዝ ከፍተኛ ኒሻን ባለቤቶች ሰንደቆች፣ ከሥራቸውም የራስ ቁሮቻቸው ተሰቅለዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1954 ይህ ኒሻን ተሸልመው ነበር። ከመካከሉ ወለል ላይ አንድ ጥቁር እብነ በረድ አለ፤ ከሥሩ ያ ባለ ስድስት ሚስቱ ሄንሪ ከሦስተኛይቱ ከጄን ሲሞር ጋር፣ አንገቱን በመጥረቢያ ከተቀላው ከቀዳማዊ ቻርልስም ጋር ተቀብሯል። ልጅቷ ይህን ስታውቅ ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ከድንጋዩ ላይ አላነሣችም።

ኦርጋኑ በዝግታ ተነሥቶ መዘምራኑ መዝሙረ ዳዊቱን እየተቀባበሉ አሰሙ። እኛ ዘንድ በከበሮና በጸናጽል በመቋሚያም ሲሸበሸብ የሚታየው ሙቀት የለውም፤ ድምፁ ከድንጋዩ ጣሪያ ሥር ከፍ ብሎ ተንሳፍፎ ይቆይና እንደ ጢስ ይበተናል። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየን። ሲያልቅ ቀስ ብዬ ወደ ጎን ማየት ብሞክርም ሰዉ በአንድ በኩል ተመርቶ ስለወጣ የፈለግሁትን ነገር ሳላየው ወጣሁ።

ሰኞ፦ የናሱ ሰሌዳ

ሳምንቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት በመሆኑ ልጅቷ አብራን መጣች፤ እናቷ ሥራ ገባች። በዚህኛው ቀን ባቡሩን የመረጠችው ልጅቷ ናት። በማኅተሙ ያለ ምንም ክፍያ ገብተን፣ አዳራሾቹን ሁሉ ትተን፣ በቀጥታ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ አመራን። ውስጡ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም።

ከበሩ አጠገብ የቆሙትን ሽማግሌ አስተናጋጅ ስለ ዓለማየሁ ስጠይቃቸው ስሙን እንድደግምላቸው አልፈለጉም። «ከኢትዮጵያ ነዎት?» ብለው ራሳቸው መርተው ወሰዱኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ነገር ከጠበቅሁት በጣም ያነሰ ነው፤ ከዙሪያው ከነጫጭ እብነ በረድ ሐውልቶች መካከል ካልተመራ በስተቀር ዓይን የማይገባ የናስ ሰሌዳ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ቃል ሲተረጎም፣ በዚህ ስፍራ አቅራቢያ የአቢሲኒያ ንጉሥ የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ተቀብሯል ይላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1861፣ የሞተው ኅዳር 14 ቀን 1879፣ የተቀበረው ኅዳር 21። ሚያዝያ 23 በእንግሊዞች ዘንድ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው፤ በእኛም አቆጣጠር ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ በዓል መሆኑን ለሽማግሌው ስነግራቸው «ታዲያ ቤቱ ነው የተቀበረው» አሉኝ። ለማጽናናት ያሉት ነገር መሆኑ ስለገባኝ መልስ አልሰጠኋቸውም።

አባቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞቱ። ስፒዲ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ይዞት መጥቶ ለንግሥት ቪክቶሪያ አቀረበው፤ ከዚያ በኋላ ያደረው በሰው ቤትና በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ራግቢ፣ ቀጥሎም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ በሚባለው በሰሜኑ ከተማ በሳንባ በሽታ ሞተ። ንግሥቲቱ የሞቱን ቴሌግራም ሲደርሳቸው እጅግ ማዘናቸውን በዕለት ማስታወሻቸው ላይ ጽፈዋል፤ በዚህ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። ከመቅደላ ከተዘረፉት የብራና መጻሕፍት ስድስቱም በዚሁ ግንብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደሚገኙ የታወቀ ነው፤ ጎብኚ ግን አያያቸውም። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1965 እ.ኤ.አ. አገራችንን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጥተው መልሰዋል፤ እሳቸውም ዛሬ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከወላጆቻቸውና ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ጥቁር ድንጋይ ሥር ናቸው። ለማየት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደዚያ ስለሚሄድ ሰሌዳው አጠገብ ብቻችንን ቆየን።

ከሰሌዳው ግርጌ የማቴዎስ ወንጌል ቃል አለ፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና»። ጋሼ እንግሊዝኛውን ሁለት ጊዜ አንብቦ «እኔ በሥራ ቦታ ይህን ቃል ‹ወሰዳችሁኝ› ሲሉበት ነው የምሰማው» አለ። አጻጻፉን እንደገና አየሁት፤ በእርግጥ በዚያም መንገድ ሊነበብ ይችላል። ልጅቷ በአባቷ እጅ ላይ ተንጠልጥላ ጥቂት አሰበችና «ወደዚህ ሲመጣ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰባት።»

«እኔ እበልጠዋለሁ» አለች፤ ቀጥላም «አማርኛ የሚያወራው ከማን ጋር ነበር?»

ያገኘሁላት መልስ ስፒዲ አማርኛ ይችል ነበር የሚል ብቻ ነው። እሱም ከልጁ ጋር የቆየው ጥቂት ዓመት ነው።

ስንወጣ በምዕራቡ በር በኩል ባለው፣ የፈረስ ኮቴ በሚመስለው በጣውላና በጡብ በተሠራው ግቢ ዞር ብዬ አየሁ፤ አጽሙ ያለበት የመቃብር ዋሻ በዚያ አካባቢ ከመሬት በታች ነው። የሚታይ ነገር የለም። ሣሩ ታጭዷል፣ አንዲት ሴት ብስክሌት ትገፋለች።

ከሰዓት በኋላ ረጅሙ መንገድ በሚባለው፣ ከግንቡ ደቡባዊ በር ተነሥቶ በሁለት ረድፍ ዛፎች መካከል አራት ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘረጋው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሄድን። ጫፉ ላይ ሳልሳዊ ጆርጅ በፈረስ የተቀመጠበት የመዳብ ሐውልት አለ፤ እኛ ግን ግማሹን እንደሄድን ልጅቷ ደከማት፣ ዝናብም ጀመረ። ዞር ብለን ስናይ ግንቡ በጭጋጉ ውስጥ ኮረብታውን ከነአናቱ ሸፍኖ ቆሟል። ከሩቅ ሲታይ በእርግጥ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ጃኬቴን ለልጅቷ አልብሼ እየበሰበስሁ ወደ ጣቢያው ተመለስን።

ማታ ለእናቴ ደወልሁ። ጎንደር ላይ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በጨለማ ተቀምጣ ነው ያናገረችኝ።

«አገኘኸው?»

«ስሙን አገኘሁት። መቃብሩ ከመሬት በታች ነው፣ አይገባም።»

«ብቻውን ነው?»

መንግሥታችን አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ደጋግሞ ቢጠይቅም፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ከቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ፣ እሱን ማንሳት በዙሪያው ያረፉትን የብዙ ሰዎች አጽም ሳይነካ አይሆንም የሚል እንደነበረ አስታወስሁ።

«አይ፣ ብዙ ሰዎች አብረውት አሉ» አልኋት። «አይነሣም ያሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላ ሽሮው በጉዞ ላይ ሳይፈስ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።